ጅማ ላይ የመጠጥ ቤት መዝጊያ ሰዓት ለማስከበር፦ ጠቡ እንዲቀንስ እንጂ ሰፈር እንዲቀይር አይደለም

ሰፈራችሁ ውስጥ ማታ ማታ ጠርሙስ መሰባበሩና ድብድቡ የሰለቻችሁ፣ ወይ ደሞ ራሳችሁ ግሮሰሪ ከፍታችሁ "አንድ ጨምርልን" ከሚል ደንበኛ ጋር መጨቃጨቅ የመረራችሁ ይቺን አንብቡ። "መጣላት የፈለገ በቀንም ይጣላል፣ ሰዓት ምን ያደርጋል" ሚል ሰው መቼም አይጠፋም፣ እኔ አልስማማም፣ ተሞክሮ የታየ ነገር ነዋ። ብራዚል ውስጥ ዲያዴማ ሚሏት ከተማ በግድያ ብዛት ስሟ የጠፋ ነበር፣ ሲያዩት አብዛኛው ግድያ ከማታ 5 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ባለው ነው ሚፈፀመው፣ እና እንደ ፈረንጆቹ በ2002 መጠጥ ሚሸጥ ሁሉ ማታ 5 ሰዓት ይዝጋ ተባለ፣ ከዛ በኋላ የተሰራው ጥናት ግድያው 44 ፐርሰንት ገደማ ቀነሰ ነው ሚለው፣ በወር ወደ 9 ነፍስ ማለት ነው። ኖርዌይ ላይ ደሞ 18 ከተሞችን አይተው መዝጊያው ላይ አንድ ሰዓት በተጨመረ ቁጥር የቅዳሜና እሁድ ሌሊት ድብደባ 16 ፐርሰንት ያህል ይጨምራል ብለዋል።

እሺ እኛ ጋ እንዴት ይሰራል?

መጀመሪያ ሰዓት አትምረጡ። ጠቡ መቼ እንደሚነሳ እወቁ መጀመሪያ። ሌሊት ሚያድር ዘበኛ ያውቃል፣ ባጃጅ ሹፌር ከሁሉም በላይ ያውቃል (የተፈነከተውን ሆስፒታል ሚያደርሰው እሱ ነው)፣ የኮሚኒቲ ፖሊሱም መዝገብ አለው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ብቻ ፃፉ፣ የማንንም ስም አትፃፉ፣ ስም ከገባበት ነገሩ ወሬ ይሆንና ማንም አይነግራችሁም። ደሞ የቡና ሰሞኑን ከክረምቱ ጋር አታወዳድሩ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ኪስ ውስጥ ብር አለ፣ ከገጠር ሚገባውም ሰው ብዙ ነው፣ ሰኔ ላይ ጠብ ቀነሰ ብላችሁ ብትደሰቱ የቀነሰው ብሩ ነው። የዘንድሮ የቡና ሰሞን ከአምናው የቡና ሰሞን ጋር ነው ሚታየው። የደሞዝ ሳምንትም እንደዛው።

ሰዓቱን ስትመርጡ ጅማ ላይ አንድ ማትዘለል ነገር አለች፣ ጨብሲ። ከሰዓት በርጫ ላይ የዋለ ሰው ምርቃናውን ሊሰብር ሚወጣው ከመሸ ነው፣ መጠጡን ራሱ ሚጀምረው ሌላው ሰው ራቱን በልቶ ሲጨርስ ነው፣ ስለዚ ማታ 3 ሰዓት ይዘጋ ብትሉ ያ ሰውዬ አይቀርም፣ አራት ቢራውን በአንድ ሰዓት ይገለብጥና ይወጣል፣ ወይ አረቄውን በላስቲክ ገዝቶ ይዞ ይሄዳል። በዛ ላይ ማንም ማያከብረው ሰዓት ማውጣት ከነጭራሹ ካለማውጣት ይብሳል። እኔ ብጠየቅ አሁን በቀን ተቀን ከሚዘጋበት አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ማድረግ ይበቃል፣ ከማስታወሻችሁ ላይ ጠቡ ሚበዛበት ሰዓት ከመጀመሩ በፊት እንዲሆን ብቻ።

ከዛ ሁሉም አንድ ላይ ይዝጋ። ዋናው ይሄ ነው። የዲያዴማው ለግሮሰሪው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው መንገድ ተሻግሮ ይጠጣ ነበር። መርካቶ አካባቢ ያለው ዘግቶ ቆጪ ያለው ከከፈተ በቃ ጠቡን በባጃጅ ላካችሁት ማለት ነው። ጠጅ ቤቱም አረቄ ቤቱም ይግባ፣ አረቄ ሸጠው ልጅ ሚያሳድጉ እናቶች ግን አሉ፣ እነሱን በፖሊስ ከማስደንገጥ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ አውሩ፣ "እናቴ ሁሉም በዚ ሰዓት ሊዘጋ ነው፣ እርሶም አብረውን ይዝጉ" ማለት ይቻላል፣ ብዙዎቹ ሌሊት ሰካራም ማባረር ራሳቸውን ያማረራቸው ናቸው። ተማሪዎችን በተመለከተ ደሞ ከ21 አመት በታች ላለ መሸጥ በአዋጅ 1112/2011 ክልክል ነው፣ እሱ ከሰዓቱ ጋር አይገናኝም።

መጠጥ ቤት ላላችሁ፣ የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት እንዲህ አድርጓት። ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀር የመጨረሻ ትዛዝ ተቀበሉ፣ አዲስ ሰው አታስገቡ (ኒውካስል አውስትራሊያ እንደ ፈረንጆቹ በ2008 ሌሊት መዝጊያውን ሲያሳጥሩ ከመዝጊያው በፊት አዲስ ገቢም ከልክለው ነበር፣ የሌሊት ድብደባው 37 ፐርሰንት ወርዷል)። ሙዚቃውን ቀንሱ፣ መብራቱን አብሩ። ሂሳብ ላይ ነው ብዙው ሚፈነዳው፣ "እኔ አራት ነው የጠጣሁት" "አይ ስድስት ነው"፣ ስለዚ ባዶ ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ይቁም፣ አብራችሁ ቁጠሩ፣ የተከፈለበት ቅፅበት ግን ጠርሙሱ በሙሉ ይነሳ፣ አንድም አይቅር። ክርክር ከተነሳ እጅ ሚፈልገው እሱን ነው። ጃምቦውንም እንደዛው። ሁለት ሶስት ባጃጅ ደጃፍ ላይ እንዲቆሙ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ሁሉም በአንዴ ወጥቶ መንገድ ላይ ሲቆም ነው ሁለተኛው ዙር ሚጀመረው።

ቤት ውስጥ ስላለው ጥቃት ብዙ ተስፋ አትስጡ። ዲያዴማ ላይ በሴቶች ላይ ሚደርሰው ጥቃትም ወርዶ ነበር፣ ግን ሰዓቱ ነው ያወረደው ብሎ ለመደምደም አልበቃም። ስለዚ ስትመዘግቡ የመንገዱን ብቻ አትዩ፣ የሴቶች ጉዳይ ጽህፈት ቤት ሚመጣው አቤቱታ ጨመረ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ባልየው በጊዜ ሰክሮ ቤት ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ሶስት ወር ካለፈ በኋላ ያንኑ ዘበኛ ያንኑ ባጃጅ ሹፌር መልሳችሁ ጠይቁ። የፊት በሩን ዘግቶ በጓሮ ሚያስገባ አንድ ቤት መገኘቱ አይቀርም፣ ለፖሊስ ከመጠቆማችሁ በፊት ሌሎቹ ባለቤቶች ተሰብስበው ይሂዱበት፣ እነሱ ዘግተው እሱ ደንበኛቸውን እየወሰደ ስለሆነ ከናንተ በላይ ጠንክረው ነው ሚያናግሩት።