ልጅ ብቻውን ጣሊያን ሲገባ ዘመድ የሚሠራቸው ስህተቶች

«ላምፔዱዛ ገብቻለሁ» የሚል ስልክ ከጣሊያኗ ደሴት ሲመጣ ቤቱ በእንባና በእልልታ ይሞላል። ወዲያው ከአገር ቤትም ከአውሮፓም ምክር ይጎርፋል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ልጁን ይጎዳዋል። የጣሊያን ሕግ ቁጥር 47/2017 ያለ ወላጅ የመጣ፣ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከድንበር እንዳይመለስ ይከለክላል። ከለላው የሚሠራው ግን ልጅነቱ በትክክል ሲመዘገብ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ የትውልድ ዓመት ነገር ነው። ልጁ «ሐምሌ 2001» ይላል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2009 መሆኑ ነው። መዝጋቢው 2001 ብሎ ከጻፈው ግን በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ተጨመረበት፤ ከአዋቂዎች ጋር ሊመደብ ይችላል። ስለዚህ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ብሎ አጥብቆ እንዲናገር ምከሩት። እናንተም የልደት ሰርተፍኬቱን፣ ከሌለው የክርስትናውን ወይም የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ቤት ውጤቱን ፎቶ አንስታችሁ ቶሎ ላኩለት። ተሳስቶ ከተመዘገበም አያልቅለትም። በሕጉ መሠረት ከዕድሜ ምርመራ በኋላም ጥርጣሬ ከቀረ እንደ ልጅ ይቆጠራል።

ሁለተኛው፣ ከጓደኞቼ አልለይም ብሎ «18 ሞልቶኛል» ማለት ነው። አንዴ የተፈረመበትን ዕድሜ በኋላ ማስለወጥ ትልቅ ጣጣ ነው።

መንገድ ላይ የተዋወቀውን ሰው «አጎቴ ነው» ማለትም እንዲሁ። ፍርድ ቤት የሚሾምለት ሕጋዊ ሞግዚት፣ እነሱ ቱቶሬ የሚሉት፣ አለ። ጉዳዩን የሚከታተልለት እሱ ነው።

«ካምፑን ጥለህ ወደ እኔ ና» የሚለው ምክር ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በጣሊያኗ ከተማ በቬንቲሚሊያና በፈረንሳይ ድንበር መካከል አንዲት ኤርትራዊት ታዳጊ አውራ ጎዳና ላይ በጭነት መኪና ተገጭታ ሞታለች። እባካችሁ፣ ሌላ መንገድ አለ። ወላጁ፣ ወንድሙ፣ እህቱ ወይም አጎቱ በሌላ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ከሆነ፣ ከእሱ ጋር እንዲቀላቀል መጠየቅ ይቻላል። ዘመድየው የመኖሪያ ፈቃዱንና ዝምድናውን የሚያሳይ ማስረጃ ለሞግዚቱ ይላክ። ወራት ይፈጃል፤ ልጁ ይሰለቻል፤ እናንተ ግን በየቀኑ እየደወላችሁ አበርቱት። ብሪታንያ ያለ ዘመድ በዚህ መንገድ መጠየቅ አይችልም፤ አገሪቱ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሠራሩ ወጥታለች።

በማያውቀው ቋንቋ ቃል መስጠትም አለ። ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ልጅ «ኢትዮጵያዊ ነው» ተብሎ የአማርኛ አስተርጓሚ ሲመጣለት፣ አፍሮ ዝም ይላል ወይም «እሺ» እያለ ይፈርማል። አስተርጓሚ ይቀየርልኝ ማለት መብቱ ነው።

በመጨረሻ፣ 18 እስኪሞላ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ። ፍርድ ቤቱ ድጋፉን እስከ 21 ዓመት ሊያራዝምለት ይችላል፤ ጥያቄው ግን ልደቱ ከመድረሱ በፊት መግባት አለበት። 17 ዓመት እንደሞላው ሞግዚቱን ስለዚህ ጉዳይ ይጠይቅ።