ከወዳደቀ ዕቃ ለምትሠሩ፦ ደግሜ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ኮምቦልቻ ውስጥ ዕቃ ሞቶ አይቀርም። የተቃጠለ ፍሪጅ፣ ያረጀ የላፕቶፕ ባትሪ፣ የዘይት በርሜል፣ ሁሉም በቆራሌው እጅ አልፎ አንዱ ብየዳ ቤት ይገባል። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ በትልቁ የሚሠራው ሥራ ደሴም ኮምቦልቻም በየሰፈሩ አለ። ከቴክኒክና ሙያ የወጡ ልጆች ይሠሩታል። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚመጡ ተማሪዎች ይሠሩታል። የትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ እጃቸው የተባረከ ልጆችም አሉ። እኔም የምውለው ከእነሱ ጋር ነው፤ እወዳቸዋለሁ። ግን የሚሠሩት ስህተት አንድ ዓይነት ነው፤ አንዳንዱም ሰው ይገድላል። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

ምን ይሠራ እንደነበር ሳያውቁ ማውጣት

ትልቁ ይሄ ነው። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ከዚህ የሚወለዱ ናቸው።

ዕቃ ለማርከስ ስንል መጀመሪያ የምናወጣው ትንንሹን ነገር ነው። ፊውዙን፣ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት፣ ያመለጠ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደውን የኧርዝ ሽቦ። እነሱ ባይኖሩም ማሽኑ ይነሳል። የሚያታልለው ይሄ ነው። ፊውዝ የሌለው ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው) መብራት ይሰጣል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ይወስደዋል። ፊውዝ ግን የተቀመጠው ዕቃው ለሚበላሽባት ለዚያች ቀን ነው፤ ከልክ ያለፈ ኮረንቲ ሲመጣ ቀልጦ መስመሩን ይቆርጣል።

የተቃጠለ ፊውዝ ሲያዩ ከሽቦ አንድ ክር መዝዘው ጫፍና ጫፉ ላይ የሚጠመጥሙ ልጆች አሉ። «ለጊዜው ነው ጋሼ» ይሉኛል። ለጊዜው የተባለው ክር ዓመት ይቆያል። ያ ክር ስንት አምፔር ላይ እንደሚቀልጥ ለክቶ የሚያውቅ እስካሁን አላገኘሁም። ባለ 3 አምፔር ፊውዝ በነበረበት ቦታ 20 አምፔር የሚሸከም ክር ከገባ፣ መጀመሪያ የሚቃጠለው ዕቃው ነው። ቀጥሎ ቤቱ። አንድ ፊውዝ ከማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም። ሌላ ቦታ ላይ ቆጥቡ፤ እዚህ ላይ አይሆንም።

አሁን የጫጩት መፈልፈያውን ላንሳ፤ በአሮጌ ፍሪጅ የማይሠራው የለምና። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የፍሪጅ ግድግዳ ሙቀት ይይዛል። ውስጡ አምፖል፣ ትንሽ ፋን፣ ውሃ ያለበት ትሪ፣ የእንቁላል መደርደሪያ ይገባል፤ አለቀ። 21 ቀን ነው የሚፈጀው። ፋን ካለው ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። እንቁላሉ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፤ በ18ኛው ቀን መገላበጡ ይቆማል።

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ልጅ እንዲህ ያለ መፈልፈያ አሳየኝ። አሠራሩ ያምራል፤ ሽቦው እንኳ በሥርዓት ታስሯል። ግን አንድም ጫጩት አልወጣለትም። «እንቁላሉ ነው የማይረባው» አለኝ። ጥቂቱን ሰበርን። ጫጩቶቹ አድገው ጨርሰዋል። ላባቸው በቅሏል፤ ምንቃራቸው በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ወዳለው የአየር ከረጢት ዞሯል። የሞቱት በመጨረሻው ሰዓት ነው። ግድግዳውን ብመለከት የፍሪጁ ቀዳዳ በሙሉ በሲሊኮን ተደፍኗል። «ሙቀት እንዳይወጣብኝ ብዬ ነው ጋሼ» አለኝ።

እንቁላል ይተነፍሳል። ከ19ኛውና ከ20ኛው ቀን ጀምሮ ጫጩቱ በሳንባው አየር መሳብ ይጀምራል። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ከሚያገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ የሚበቃው ቀዳዳ እዚህ አይበቃም። ከታች ሁለት፣ ከላይ ሁለት ክፈቱ፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ አስፉት። ሙቀቱ ቢወጣ አምፖሉ ይመልሰዋል። አየር ካጣችሁ ግን የሚመልሰው የለም።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ሌላ ልጅ የሙቀት መለኪያውን በሚፈላ ውሃ አስተካከለ። ውሃው ሲፈላ «100» ብሎ ምልክት አደረገበት። ውሃ በ100 ይፈላል የሚለው መጽሐፍ ልክ ነው፤ ግን የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው፤ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 94 ገደማ ይሆናል። በዚያ መለኪያ 37.5 የሚለው በእውነቱ 34.5 ነው። በ34.5 ጫጩት አይፈለፈልም። መፍትሔው መድኃኒት ቤት አለ፤ ትኩሳት የምንለካበት ዲጂታል ቴርሞሜትር። የተሠራው ለምትፈልጉት ሙቀት ነው፤ የፈላ ውሃም አያስፈልገውም።

የካውያ ቴርሞስታት አውጥታችሁ መፈልፈያ ላይ አትግጠሙ። ካውያ ከመቶ ዲግሪ በላይ ነው የሚሠራው፤ አሥር ዲግሪ ወዲህና ወዲያ ቢል ሸሚዙ ግድ የለውም። ለእንቁላል አንድ ዲግሪም ብዙ ነው። ትንሿን ዲጂታል ቴርሞስታት ግዙ። አንድ ትልቅ አምፖል ከማድረግ ሁለት ትንንሽ አድርጉ፤ አንዱ ሌሊት ቢቃጠል ሌላው ያቆያል። አምፖሉ ግድግዳውን እንዳይነካ። የፍሪጅ ውስጡ ፕላስቲክ ነው፤ ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለው ፎም ደግሞ ክፉኛ ይነዳል።

ፍሪጁን ከመፍታታችሁ በፊት ኮምፕሬሰሩ (የፍሪጁ ሞተር) ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። «አር 600ኤ» ከሚል ቱቦውን በግራይንደር (በብረት መቁረጫው) አትንኩት። የሚቀጣጠል ጋዝ ነው።

የሌላ አገር ብልሃት እንዳለ ማምጣት

ሰሜን ናይጄሪያ ውስጥ ሞሐመድ ባህ አባ የሚባል መምህር በ1990ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ያስፋፋው የሸክላ ማቀዝቀዣ አለ። ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ በመሀላቸው እርጥብ አሸዋ ይሞላል። ውሃው በውጪው ሸክላ በኩል እየተነነ ሲወጣ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ውስጡ ያለው አትክልት ይቀዘቅዛል። መብራት አይፈልግም። ድንቅ ሥራ ነው።

ግን የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ሐምሌ ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ልብስ እንኳ በማይደርቅበት ወቅት፣ ደሴ ላይ ሠርተው «አልቀዘቀዘም» ብለው የሚጥሉት አሉ። ልብስ በማይደርቅበት ቀን ማሰሮውም አይተንም። ኮምቦልቻ በበጋ፣ ቀትር ላይ ሞክሩት፤ ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። የውጪውን ማሰሮ ለማሳመር ቀለም የሚቀቡም አጋጥመውኛል። ቀለሙ ውሃው የሚተንበትን የሸክላውን ጥቃቅን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ተራ ማሰሮ ነው።

ሊቲየምን በመኪና ባትሪ ቻርጀር መሙላት

ከላፕቶፕ ሊቲየም ባትሪ ውስጥ ደህና ደህናውን ሴል (ባትሪው የተሠራባቸውን ትንንሽ ድንጋዮች) መርጦ ለመብራት መጠቀም የሚደገፍ ሥራ ነው። በ2014 ጦርነቱ ወደ ከተሞቻችን ሲደርስ በጨለማ የተቀመጠ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። አንድ ሴል ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው። ሦስቱን በተከታታይ ስታያይዙ 12.6 ይሆናል። «ከ12 ጋር ተቀራራቢ ነው» ትሉና የመኪና ባትሪ ቻርጀር ላይ ትሰኩታላችሁ። እሱ እስከ 14.4 ይገፋል። ለሦስት ስታካፍሉት እያንዳንዱ ሴል 4.8 ቮልት ይደርሰዋል። ያብጣል፣ ይግላል፣ ይፈነዳል። እሳቱንም በቀላሉ አታጠፉትም።

ቢኤምኤስ የሚሉትን፣ ሴሎቹ ከልክ በላይ እንዳይሞሉ የሚጠብቀውን ትንሽ ካርድ ሳታስገቡ አትሥሩ። ያረጀና አዲስ ሴል አታቀላቅሉ። ሴሉ ላይ የጋለ የስታኞ ማቅለጫ ለረጅም ጊዜ አትያዙበት። ቻርጅ ሲደረግም ልጆች ከሚተኙበት ክፍል ይውጣ። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

«ባዶ» በርሜል መቁረጥ

ባዶ አይደለም። በእንፋሎት የተሞላ ነው፤ ከሞላ በርሜል ይልቅ የሚፈነዳውም እሱ ነው። አንዲት የግራይንደር ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ቤንዚን ወይም ቲነር የነበረበትን ጨርሶ አትንኩ። ሌላውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡ። ከዚያ ከምትቆርጡበት መስመር ሥር እስኪደርስ ውሃ ሙሉት። ክዳኑ ክፍት ይሁን።

የፀረ ተባይ ጀሪካን ታጥቦም ለውሃና ለእህል አይሆንም። ቀዳዱት።

ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ላሜራ በዝግ ክፍል አትበይዱ። የዚንኩ ጭስ ማታ ላይ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ያተኩሳል፤ ወባ መስሏቸው ክኒን የሚውጡ በያጆች አሉ። ወተት ያወጣዋል የሚሉም አሉ፤ ወተት ግን ሳንባ ውስጥ የገባውን አያወጣም። ደጅ ውጡ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ ሳይሆን ከጎናችሁ አድርጉት፤ ብየዳው የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድማችሁ ፋቁት።

የሚጠቀምበትን ሰው ሳይጠይቁ መጨረስ

በአሜሪካ ዲዛይን ዛት ማተርስ የሚባል ድርጅት ከመኪና መለዋወጫ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ሠርቶ ነበር። ሙቀቱ ከፊት መብራት ነው የሚመጣው። ሐሳቡ የትም አገር የመኪና መካኒክ ስላለ ሲበላሽ ይጠግነዋል የሚል ነው። ታይም መጽሔት በ2010 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ምርጥ ከተባሉት 50 ፈጠራዎች ውስጥ አስገባው። ሆስፒታል ግን አልደረሰም። ማን ያመርተዋል፣ ማን ይገዛዋል የሚለው አስቀድሞ አልተጠየቀም ነበር። መሥራቹ ራሱ በአደባባይ ተናግሮታል። ያው ድርጅት ቀጥሎ የሕፃናት ቢጫ በሽታ ማከሚያ መብራት ለቬትናም ሆስፒታሎች ሲሠራ ሄዶ አየ። በአንድ መብራት ሥር ብዙ ሕፃናት ይደረደራሉ፤ ብርሃኑ ለሁሉም አይደርስም። ስለዚህ አልጋውን ከአንድ ሕፃን በላይ እንዳይዝ አድርጎ ሠራው። ማስጠንቀቂያ መለጠፍ አላስፈለገውም።

እኛ ዘንድም ያው ነው። እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡ አንዲት እናት ልጆቹ ከበርሜል ምድጃ ሠሩላቸው። እንጨት የሚቆጥብ፣ ጭሱን ወደ ውጪ የሚያወጣ፣ ጠንካራ ምድጃ ነው። እሳቸው ቁጭ ብለው አዩትና «ልጆቼ፣ እኔ እኮ በርጩማ ላይ ነው የምጋግረው» አሉ። ምድጃው ለቆመ ሰው ነበር። የእንጨት መክተቻው በርም ልክ ጉልበታቸው ላይ ስለሚከፈት ሙቀቱ ይጠብሳቸዋል። እግሩን መቁረጥና በሩን ወደ ጎን ማዞር ግማሽ ቀን አልፈጀም። ቀድመው በርጩማው ላይ አስቀምጠው ቢለኳቸው ኖሮ እሱም አያስፈልግም ነበር።

የሠሩትን ሳይጽፉ መሸጥ

የሠራችሁት ዕቃ ነገ ሌላ ባለሙያ እጅ ይገባል፤ እናንተ ወይ አዲስ አበባ ሄዳችኋል ወይ ስልካችሁ ዝግ ነው። እሱም የሁሉንም ሽቦ ቀለም አንድ ዓይነት ሆኖ ሲያገኘው ገነጣጥሎ ይጥለዋል። የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በወረቀት ሣሉ። የአምፖሉን ዋት፣ የባትሪውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ቀን ጻፉበት። በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፋችሁ በላስቲክ ሸፍኑት፤ እንፋሎቱ ቀለሙን ያጠፋዋል።