በጎንደር ነጻ የጃፓን አኒሜሽን ፊልሞች ፌስቲቫል ለማዘጋጀት

በጎንደር ለሕዝብ ክፍት የሆነ የጃፓን አኒሜሽን ፊልሞች ፌስቲቫል ለማዘጋጀት ያሰበ ክበብ፣ ትምህርት ቤት ወይም የወጣቶች ማኅበር ከሁሉ አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው ፊልሞቹ በምን ቋንቋ ለተመልካቹ እንደሚደርሱ ነው። እነዚህ ፊልሞች በአብዛኛው ወደ እኛ የሚመጡት ከግርጌያቸው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይዘው ስለሆነ፣ በዚያው ከታዩ ፌስቲቫሉ የጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሆንና ከአዘዞ ወይም ከማራኪ ልጆቿን ይዛ የመጣች እናት ግማሽ ሰዓት ሳትቆይ ትመለሳለች። ስለዚህ ከበጀቱም ከጊዜውም ትልቁ ድርሻ ለአማርኛው ሥራ እንዲመደብ አጥብቄ እመክራለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈቃድ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን በሕዝብ ፊት ማሳየትም ሆነ መተርጎም የባለመብቱ መብት በመሆኑ፣ መግቢያው በነጻ መሆኑ አዘጋጁን ከመጠየቅ አያድነውም፤ ከሱቅ የተገዛ ዲቪዲም የሚፈቅደው በቤት ውስጥ ማየትን ብቻ ነው። የሚሻለው መነሻ አዲስ አበባ ላለው የጃፓን ኤምባሲ በደብዳቤ ማመልከት ነው፤ የጃፓን ፋውንዴሽን የተባለው የባህል ተቋም ለትርፍ ላልቆሙ ዝግጅቶች የሚሆኑ ፊልሞችን በኤምባሲዎች በኩል ሲያውስ የኖረ ነውና። በደብዳቤው ውስጥ ቀኑ፣ ቦታው፣ የመቀመጫው ብዛትና መግቢያው በነጻ መሆኑ ይገለጽ፤ ንግግሩን በአዳራሹ ውስጥ በአማርኛ ለማንበብ ወይም በምስሉ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ለመለጠፍ የሚያስችል ፈቃድም በግልጽ ይጠየቅ። የታወቁ ስቱዲዮዎች ፊልም ከተፈለገ ለባለመብቱ ኩባንያ በቀጥታ መጻፍ ያስፈልጋል፤ መልሱ ሊዘገይ ስለሚችል ከአራት ወር በፊት መጀመር ይበጃል። የጽሑፍ ፈቃድ ሳይደርስ የፊልሙ ስም በማስታወቂያ ላይ አይውጣ።

ወደ አማርኛው ሥራ ስንመለስ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የአማርኛ ጽሑፍ በምስሉ ግርጌ መለጠፍ ሲሆን፣ ይህ ማንበብ ለሚችል አዋቂ ይበቃል፤ ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ እንዲያጥር፣ በአንድ ጊዜም ከሁለት መስመር እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ያሻል። ፋይሉ ዩኒኮድ በሚባለው የልዩ ልዩ ቋንቋዎችን ፊደል በሚይዘው የኮምፒውተር ሥርዓት ካልተቀመጠ፣ በማጫወቻው ውስጥም የግዕዝ ፊደል የሚያሳይ ፎንት ካልተመረጠ ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ሆነው ይወጣሉና፣ በዕለቱ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ቀደም ብሎ መሞከር ግዴታ ነው።

ሁለተኛውና እኔ የማስበልጠው መንገድ በአዳራሹ ውስጥ በማይክሮፎን የሚናገር አንባቢ ማቆም ነው። ይህ ለጃፓንም ለእኛም እንግዳ አይደለም፦ በጃፓን ድምፅ አልባ ፊልሞች ይታዩ በነበረበት ዘመን ቤንሺ የሚባሉ ተራኪዎች ከሸራው አጠገብ ቆመው ታሪኩን ይተርኩ፣ የገጸ ባሕርያቱንም ንግግር በየድምፁ ይናገሩ ነበር፤ በእኛም ከተሞች የቪዲዮ ቤት ተመልካች የውጭ ፊልም በአማርኛ ተራኪ ሲከታተል ኖሯል። ከከተማዋ የቴአትር ክበባት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተመርጠው ጽሑፉ አስቀድሞ በእጃቸው ይግባ፤ ፊልሙንም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይለማመዱት። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው በእንግሊዝኛው የጠፋውን የአክብሮት ወግ በአማርኛው ይመልሰው፤ አያቷን የምታናግር ልጅ አንቱ ማለት አለባት። ፊልሙ ዝም ባለበት አንባቢውም ዝም ይበል፤ ዝናብና ነፋስ ብቻ የሚሰማበትን ትዕይንት በማብራሪያ መሙላት የፊልሙን ውበት ይገድለዋል። ለመልመጃም ለመክፈቻም የሚሆን ከመጀመሪያዎቹ የጃፓን አኒሜሽኖች አንዱ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1917 የተሠራው፣ የደነዘ ሰይፍ ስለገዛ ሳሙራይ የሚያወራው ድምፅ አልባ አጭር ፊልም። ቅጂውን ከሚያስቀምጠው ተቋም ተጠይቆ ሊታይ ይችላል።

በምርጫ ረገድ አኒሜሽን ሁሉ የልጆች ነው የሚለው ግምት ብዙ አዘጋጆችን ያሳስታል። የጃፓኑ አኒሜሽን ሠሪ ስቱዲዮ ጂብሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ሁለት ፊልሞችን በአንድ ቀን፣ በአንድ መግቢያ ለጃፓን ተመልካች አቅርቦ ነበር፤ አንደኛው በገጠር ስለሚኖሩ ሁለት እኅትማማቾችና ስለ ጫካው ፍጡር የሚያወሳው «ጎረቤቴ ቶቶሮ» ሲሆን፣ ሌላው በጦርነት እናታቸውን ያጡ ወንድምና እኅት በረኃብ ሲጠፉ የሚያሳየው «የእሳት ዝንቦች መቃብር» ነው። ሁለቱም 90 ደቂቃ አይሞሉም፣ ሁለቱም በሕፃናት ላይ ያተኩራሉ፤ ሆኖም ሁለተኛውን ለልጆች ማሳየት አይገባም፤ በተለይ በቅርቡ ጦርነት በነካው አካባቢያችን። ለአዋቂዎች የሚታይ ከሆነ ለብቻው ይሁን፣ ይዘቱም ከመጀመሩ በፊት ይነገር። እያንዳንዱን ፊልም ከአዘጋጆቹ ሁለት ሰዎች እስከ መጨረሻው ሳያዩት ወደ መርሐ ግብር አይግባ።

ጊዜውን በተመለከተ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ጾመ ነቢያት እስከሚገባበት እስከ ኅዳር 15 ድረስ ያለው ወቅት የተሻለ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ያሉት የጥር የመጨረሻ ሳምንታትም ይስማማሉ። በጥምቀት ሰሞን ከተማዋ በእንግዶች ስለምትጨናነቅ ማሰቡም አይበጅም። ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦታት ከተማ እንደመሆኗ በተመረጠው ሰፈር የሚውለውን የንግሥ በዓልና ዋዜማውን፣ እንዲሁም የመስጊዱን የሶላት ሰዓት አስቀድሞ ከአካባቢው አባቶች ጠይቆ ማወቅ ተገቢ ነው።

ቦታው ጥቁር መጋረጃ ያለው አዳራሽ ቢሆን ይመረጣል፤ የልጆቹ ፊልም ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ታይቶ ቤተሰብ በብርሃን ይመለሳል። ደጅ ላይ ከሆነ በኅዳር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ሸራው ላይ ምስል በደንብ አይታይም፤ የጎንደር የምሽት ብርድም ለሕፃናት ከባድ ነው። የፋሲል ግቢን ግድግዳ እንደ ሸራ ለመጠቀም የሚያስቡ አሉ፤ ግቢው እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ስለሆነ ሐሳቡ ቢቀር ይሻላል። ለከተማ አስተዳደሩ የባህልና ቱሪዝም መምሪያና ለጸጥታ አካላት በጽሑፍ ማሳወቅ ግን በየትኛውም ቦታ አይቀርም።

መብራት መጥፋቱ አይቀርምና ጄኔሬተር ይከራዩ፤ ጭሱና ጩኸቱ እንዳይረብሽ ከሕንፃው ጀርባ ይቀመጥ። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ማራገቢያው ሳያቀዘቅዘው በድንገት ሲጠፋ አምፖሉ ሊቃጠል ስለሚችል፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የሚያቆይ ዩፒኤስ የተባለ ባለባትሪ መሣሪያ በመሃል ይኑር። ማስታወቂያውን በትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ፣ በኤፍ ኤም ሬዲዮና በፒያሳ በሚለጠፍ ወረቀት ማሰራጨት ይቻላል፤ መቀመጫ ሲሞላ በሩ እንደሚዘጋም ተጽፎ ይቀመጥ።

ፌስቲቫሉ እንዳበቃ በፈቃዱ መሠረት የተዋሰውን ቅጂ መመለስ፣ በኮምፒውተር የቀረውን ማጥፋት፣ የተመልካቹንም ብዛት በየፊልሙ ለባለመብቱ መላክ ያስፈልጋል። የአማርኛውን ጽሑፍ ግን በጥንቃቄ ያስቀምጡት፤ ባለመብቱ ከፈቀደ በሚቀጥለው ዓመት ደባርቅም ሆነ ባሕር ዳር ያለ ሌላ ክበብ ከዚያው ይጀምራል።