ቲማቲሙ ላይ ያለው ብናኝ፣ ያልሞተው ትልና ሌሎች የአትክልት መድኃኒት ጣጣዎች

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። አትክልት ላይ የተረጨ መድኃኒት በዋናነት የሚጠፋው ማሳ ላይ ነው፣ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ባሉት ቀናት፣ በፀሐይ፣ በዝናብና በተክሉ በራሱ ሥራ። ወጥ ቤት የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው።

ቲማቲሙ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ብናኝ አለው

ተራ አቧራም ሊሆን ይችላል። ግን ከግንዱ ጋር የተያያዘበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ካያችሁት ማንኮዜብን ጠርጥሩ፤ ለፈንገስ በሽታ በብዛት የሚረጭ ነው። ጥቅል ጎመን ላይ የምታዩት ግራጫ ሰም ግን የተክሉ የራሱ ነውና አትደንግጡ።

ማንኮዜብ ላይ ላዩን ስለሚቀመጥ በደንብ ይታጠባል። ችግሩ ሳይታጠብ ድስት ሲገባ ነው፤ ሙቀት ኢቲዩ ወደሚባልና ታይሮይድን ወደሚጎዳ ነገር ይለውጠዋል። ስለዚህ «እሳት ያጠፋዋል» የሚባለው እዚህ አይሠራም። በሚፈስ ውኃ እያሻችሁ እጠቡ፣ ጎድጓዳውን ቦታ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ከዚያ ክተፉ።

በረኪና ጨምሬ አጠብኩት፣ ይበቃል?

ለጀርም እንጂ ለዚህ አይደለም። እንዲያውም ክሎርፒሪፎስ የሚባለው የተባይ መድኃኒት በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ሲያገኘው ወደ ባሰ መርዝ ሊለወጥ ይችላል። ሳሙናም ይቅርባችሁ። ከቤት ዕቃ የተሻለው ቤኪንግ ሶዳ ነው (ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም!)። እ.ኤ.አ. በ2017 የማሳቹሴትስ ተመራማሪዎች ፖም ላይ ሞክረውት፣ በሊትር 10 ግራም ሶዳ ገብቶበት ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ሲቆይ ላዩ ላይ ያለውን አነሣው። ልጣጩን አልፎ የገባውን ግን አልነካውም። ሜታላክሲል (የፈንገስ መድኃኒት) እና ኢሚዳክሎፕሪድ (የተባይ መድኃኒት) ደግሞ በባሕርያቸው ተክሉ ውስጥ ገብተው የሚዘዋወሩ ናቸው፤ ለነሱ ማጠቢያ የለም፣ ያለው ቀን መጠበቅ ብቻ ነው።

ረጨሁ፣ ትሉ ግን አልሞተም

ይሄ ለገበሬው ነው፣ የሸማቹም መዘዝ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ቱታ የሚባለው የቲማቲም ትል እ.ኤ.አ. በ2012 አገራችን ከገባ ወዲህ እንደ መቂና ባቱ ባሉ አካባቢዎች ቲማቲም የሚያለማ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ዋሻ ሠርቶ ስለሚኖር ላይ ላዩን የተረጨው አይደርስበትም፣ ወይም ደግሞ መድኃኒቱን ለምዶታል። ያኔ በክዳን እየለኩ አንድ ሁለት ክዳን መጨመር፣ ሁለት ሦስት ዓይነት በአንድ የጀርባ መርጫ ቀላቅሎ በሳምንት ሁለቴ መርጨት ይመጣል። ትሉ እንዳለ ነው፣ ፍሬው ላይ የቀረው መርዝ ግን በእጥፍ ጨመረ። ይልቅ የተበላውን ቅጠልና ፍሬ ለቅማችሁ ከማሳው አርቃችሁ ቅበሩ፣ ወንዱን የሚስብ የሽታ ወጥመድ ስቀሉ፣ መድኃኒቱንም በስሙ ሳይሆን በሚሠራበት መንገድ ቀያይሩ፤ ሌላ ስም ያለው ጠርሙስ ውስጥ ያው ነገር ሊሆን ይችላላ።

ፍሬው ቀላ፣ መጠበቂያው ቀን ግን አላለቀም

መጠበቂያ ማለት ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበት ቀን ነው። ቲማቲም ግን በየጥቂት ቀኑ ይለቀማል፣ ነጋዴው መኪና ይዞ ቆሟል፣ ስለዚህ ትናንት የተረጨው ዛሬ ይጫናል። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፣ የመድኃኒት ምርጫ ስህተት ነው። ረጅም መጠበቂያ ያለውን ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ጨርሱት፣ ለቀማ ሲጀመር እንደ ቢቲ (ከባክቴሪያ የሚሠራ የትል መድኃኒት) ያለ አጭር መጠበቂያ ያለው ያዙ። ቀኑ እሽጉ ላይ ተጽፏል። አሜሪካ ውስጥ ማንኮዜብ ለቲማቲም 5 ቀን ነው የሚባለው፤ የእናንተ እሽግ ሌላ ካለ የእሽጉ ይበልጣል። በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ፀሐይና ዝናብ እንደ ሜዳው ስለማያገኘው መድኃኒቱ ይቆያል፣ ከተጻፈው ቀን አታሳጥሩ።

ሰላጣ በላሁ፣ ሆዴን አመመኝ

አብዛኛውን ጊዜ ጀርም ነው፣ በተለይ በቆሻሻ ወንዝ ውኃ የለማ ከሆነ። ምራቅ መዝረብረብ፣ ላብ፣ የዓይን ብዥታና የብሌን መጥበብ አንድ ላይ ከመጡ ግን፣ በተለይ ሰውየው ሲረጭ ከዋለ፣ በፍጥነት ሐኪም ቤት ውሰዱት። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ወይም እሽግ አብራችሁ ያዙ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን እንደነበር ነው።