በኢንተርኔት ሥራ የሚያመጣ ትውውቅ እንዴት ይፈጠራል? ለፍሪላንሰሮችና ለትናንሽ ስቱዲዮዎች

ለብቻው የሚሠራ ዲዛይነር፣ ፎቶ አንሺ ወይም ኤዲተር ትልቁ ራስ ምታቱ ቀጣዩ ሥራ ከየት እንደሚመጣ አለማወቁ ነው። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት ጠቃሚ ነገር አሳይቷል። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ውስጥ አብዛኞቹን የጠቆማቸው አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። የቅርብ ጓደኞቻችሁ የሚሰሙትን ወሬ እናንተም ትሰማላችሁ። ራቅ ያለው ሰው ግን እናንተ ጋ የማይደርሰውን ይሰማል። ስለዚህ ተከታይ ከማብዛት ይልቅ፣ ሥራችሁን በቅጡ የሚያስታውሱ ራቅ ያሉ ሰዎችን አፍሩ።

1. ኢንተርኔት ላይ ሁለት ቦታ ብቻ ምረጡ። አንዱ ሥራችሁ የሚታይበት ይሁን፦ ለግራፊክስ ቢሀንስ፣ ለጌምና ለፊልም ሥዕል አርትስቴሽን፣ ለሙዚቃ ሳውንድክላውድ። ሌላው ቀጣሪዎች ያሉበት ይሁን፤ ለብዙዎች ሊንክድኢን ነው።

2. ፕሮፋይላችሁን ግልጽ አድርጉ። «ዲዛይነር» ብቻ ማለት ለማንም አይያዝም። «ለሕፃናት መጻሕፍት ሥዕል እሠራለሁ» ያለ ሰው ግን ጉዳዩ ሲነሳ ትዝ ይላል። ወደፊትም ልትሠሩት የምትፈልጉትን ዓይነት ሥራ ብቻ ለጥፉ። የእናንተ ድርሻ የቱ እንደነበር ከሥሩ ጻፉ። ደንበኛው ገና ያላወጣውን ሥራ ያለ ፈቃዱ አታሳዩ።

3. መጀመሪያ የሰው ሥራ ላይ ተናገሩ። «ዋው፣ ምርጥ ነው» የሚል ኮሜንት ወዲያው ይረሳል። ለአንዲት ፎቶ አንሺ «ጀርባው ግራጫ መሆኑ ፊቱን አውጥቶታል። በመስኮት ብርሃን ብቻ ነው ያነሳሽው?» ብትሏት ግን ትመልሳለች። ሥራዋን ያየላት ሰው አግኝታለችና። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይሄ ነው።

4. ከዚያ በውስጥ መስመር ጻፉ። እንዲህ ያለ መልእክት ይበቃል፦

«ሰላም፣ እንደምን አሉ? ባለፈው ሳምንት ያወጡትን ማስታወቂያ አየሁት። መጨረሻው ላይ ድምፁ ጠፍቶ ምስሉ ብቻ የቀረበት ቦታ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ የቪዲዮ ኤዲተር ነኝ፤ የምሠራውም እንዲህ ዓይነት አጫጭር ነገር ነው። ሥራ ሲበዛብዎት የሚያግዝ ሰው ከፈለጉ፣ ሦስት ናሙናዎች እዚህ ሊንክ ላይ አሉ።»

መልእክቱ የጀመረው ከሰውዬው ሥራ ነው። ቀጠሮ አይጠይቅም፣ ጊዜም አይሻማም። ሳይተዋወቁ ሲቪ ልኮ «ሥራ ካለ አስታውሱኝ» ማለት ግን ደጅ መጥናት ነው፤ ጠብ የሚል ነገር የለውም። መልስ ካልመጣ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱ። ከዚያ ተዉት።

5. የሙያ አጋሮቻችሁን አትሽሹ። ሥራ የበዛበት ዲዛይነር ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሥራ የሚያስተላልፈው ለሚያምነው ሌላ ዲዛይነር ነው። እናንተም ያልቻላችሁትን አስተላልፉ፤ ሥራውን በዓይናችሁ ላላያችሁት ሰው ግን አይሁን፤ ከስሙ ጋር የእናንተም ስም ይሄዳል። ትናንሽ ስቱዲዮዎች ደግሞ ከጎን ሙያ ጋር ቢጣመሩ ይጠቅማቸዋል፦ ፎቶ አንሺው ከጽሑፍ አዘጋጁ፣ አርማ ሠሪው ከድረ ገጽ ሠሪው። ማን ደንበኛውን እንደሚያስከፍልና ማን ስንት እንደሚወስድ ግን ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይቀመጥ። ብዙ ጓደኝነት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

6. መዝግቡ። ስም፣ የተዋወቃችሁበት ቦታ፣ የሚሠራው ነገር፣ መጨረሻ የተነጋገራችሁበት ቀን። ኤክሴል ይበቃል። በየጥቂት ወሩ ዝርዝሩን አይታችሁ፣ ምንም ሳትጠይቁ ሰላም በሉ ወይም የሚጠቅመውን ነገር ላኩለት።

በዚህ ሁሉ መሃል «ሥራውን ለማግኘት መጀመሪያ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው ከመጣ አጭበርባሪ ነው፤ ብሎክ አድርጉት።

7. ሥራ ስታስረክቡ ምስክርነት ጠይቁ። በዚያው ሳምንት ይሁን፣ ደንበኛው ደስታው ሳይበርድ። «ስለ ሥራዬ ጻፍልኝ» ከማለት «የትኛውን ችግር እንደፈታሁልህ በሁለት መስመር ብትጽፍልኝ» በሉት። ጥያቄው ጠበብ ሲል መልሱም ይፈጥናል።