ኦማንን ለመጎብኘት፦ ከፍየል ገበያው እስከ አሸዋው

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብትሄዱ ቀኑ ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም። የበረሃው ሌሊት ግን ይበርዳል፤ ጃኬት ያዙ። ከግንቦት በኋላ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ያልፋል፤ ያኔ ጉብኝቱ ከሆቴል ኤሲ ወደ መኪና ኤሲ መሮጥ ብቻ ይሆናል። ሰላላ የምትባለው የደቡብ ከተማ ለብቻዋ ናት። በሐምሌና ነሐሴ ተራራዋ ጉም ለብሶ አረንጓዴ ይሆናል። የዕጣን ዛፍም በዚያው አካባቢ ይበቅላል።

ቀጥሎ ቪዛ። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት የያዘ እስከ 14 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቪዛውን ጨርሱ፤ የኦማን ፖሊስ የኢ-ቪዛ ገጽ አለው። በቱሪስት ቪዛ መሥራት ክልክል ነው፤ “እዚያ ስትደርሱ እናስተካክላለን” የሚል ደላላ አትስሙ። ሻንጣችሁ ውስጥ ጫት እንዳይገኝ። ያሳስራል።

ገንዘቡ ሪያል ነው። አንዱ ወደ 2.60 ዶላር ስለሚጠጋ “ሦስት ብቻ” ሲሏችሁ አትዘናጉ።

ሙስካት ስትገቡ ታላቁን የሱልጣን ቃቡስ መስጊድ እዩ። ሙስሊም ላልሆነ ጎብኚ የሚከፈተው ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ፣ በእኛ አጠራር ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ነው። ሴቶች ጸጉር፣ ክንድና እግር መሸፈን አለባቸው። ነጠላ ይበቃኛል እንዳትሉ፤ ስስ ስለሆነ ጸጉር ያሳያል። ወፈር ያለ ሻሽ ይሻላል።

ዓርብን ለኒዝዋ ከተማ ተዉት። ከሙስካት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይነዳል። የፍየል ገበያው ማለዳ ስለሆነ ከዋዜማው እዚያው እደሩ። የእኛን የከብት ተራ ለለመደ ነገሩ ግልብጥ ነው፤ ገዢው ቆሞ ወይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ሻጩ ፍየሉን እየጎተተ በክብ ይዞርለታል። ደስ ያለው ያስቆምና ጥርሱን ገልጦ፣ ጀርባውን ዳብሶ ያያል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይበተናል።

አሁን ወደ አሸዋው። ዋሂባ የሚባለው የአሸዋ በረሃ ለመግባት መነሻችሁ የቢዲያ ከተማ ናት፤ ከሙስካት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አሸዋ ላይ ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ አትሞክሩት፤ በረሃው ውስጥ የምታድሩበት ካምፕ ከቢዲያ መጥቶ እንዲወስዳችሁ ክፈሉ። እነዳለሁ የሚል ፎር ዊል ይከራይ፣ ነዳጅ ይሙላ፣ ከዚያ ጎሚስታ ጋ ይቁም። የጎማው አየር ወደ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይወርዳል፤ ጎማው ሲረግብ ሆዱ ተዘርግቶ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። መኪናው ከተቀበረ ነዳጅ አትርገጡ፤ እኔ ረግጬ እስከ ሆዱ አስገብቼዋለሁ። ከጎማው ፊትና ኋላ አሸዋውን በእጅ ጠርጉና በመጣችሁበት ዱካ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ውጡ። ስትመለሱ አስፋልት ላይ ከመፍጠናችሁ በፊት ጎማውን አስነፉ።

ካምፕ ስትደርሱ ተምርና ቡና ይቀርባል። ቡናው ቀጭን ነው፣ ሄል ሄል ይላል፣ ስኳር የለውም፤ ተምሩ ነው የሚያጣፍጠው። በቀኝ እጃችሁ ተቀበሉ። እንደኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የሚቆጥር የለም። ሲኒውን ዝም ብላችሁ ከመለሳችሁ አስተናጋጁ ደግሞ ይሞላዋል። “በቃኝ” ለማለት ሲኒውን ወደ ጎን ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጋችሁ ስጡት። እኔ ይህን ያወቅሁት አምስተኛው ሲኒ ላይ ነው።