ከመጣላችሁ በፊት፦ የቤት ዕቃን በሰፈር ውስጥ መልሶ መጠቀም

በአዲስ አበባ ዕቃ መልሶ መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። ቆራሌው በየመንደሩ ይዞራል። ልዋጮች አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው ሳፋና ጆግ ይሰጣሉ። ባዶ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ወደ ሱቅ ይመለሳል። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ደግሞ የሌላ ሰው ውዳቂ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እኛ ቤት ነው። የቲማቲም ልጣጩን፣ ሃይላንዱን፣ ካርቶኑንና ያለቀውን ባትሪ በአንድ ፌስታል አስረን እናወጣዋለን። እንዲህ የተቀላቀለ ነገር ማንም አይገዛም። ስለዚህ ዋናው ሥራ መለየት ነው።

1. ሦስት ማስቀመጫ አዘጋጁ

ሁለት ባዶ ማዳበሪያና አንድ ክዳን ያለው ባልዲ ይበቃል። አንዱ ማዳበሪያ ለፕላስቲክ፣ ለቆርቆሮና ለጠርሙስ ይሁን፣ ሌላው ለወረቀትና ለካርቶን። ባልዲው ለልጣጭና ለቡና አተላ ነው። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ በረንዳ ላይ አንድ ጥግ ይበቃል። ከዚህ የተረፈውን ብቻ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራቱ ስጡ። የተሰበረ ብርጭቆ ካለ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ለብቻው አስረክቡ፣ በአፍም ንገሯቸው። ብዙዎቹ ቆሻሻውን የሚለዩት በእጃቸው ነው።

2. አለቅልቁ፣ አድርቁ

የዘይት ጀሪካን፣ የወተት ላስቲክና የድልህ ቆርቆሮ ዕቃ በታጠበበት ውሃ ይለቅለቁ። ንጹሕ ውሃ አታባክኑ። ወረቀት እርጥበትና ቅባት ከነካው አበቃለት፣ ከሌላው ጋር አትቀላቅሉት።

3. ብረቱን ለይታችሁ ሽጡ

ቆራሌው ሲጣራ አንዳንድ ዕቃ ይዞ መሮጥ አያዋጣም። አጠራቅሙ። መዳብ ከአሉሚኒየም፣ አሉሚኒየም ከብረት ይወደዳል። ሁሉንም በአንድ ላይ ካቀረባችሁት ግን በርካሹ ዋጋ ይሄድላችኋል። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ካላችሁ ሞክሩት፦ የሚስበው ብረት ነው፣ አሉሚኒየምና መዳብን አይስብም። ገመድ ውስጥ ያለውን መዳብ ለማውጣት ላስቲኩን ማቃጠል የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ተዉት፣ ጭሱ መርዝ ነው። በቢላ መላጥ ይቻላል።

4. ከመሸጥ በፊት ጠጋኝ ጋ ውሰዱ

የማይግል የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ችግሩ ሽቦው ላይ ብቻ ነው። የጫማ ሶል ይቀየራል። የአባት ሱሪ ጠቦ ለልጅ ይሆናል። ለማስጠገን የተጠየቃችሁት ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ በላይ ከሆነ ግን እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

5. ልጣጩን ብስባሽ አድርጉ

እኔ አብልጬ የምወደው ይኼን ነው፤ ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ በአብዛኛው ከማድ ቤት ነውና። በአንድ ቦታ ሲከመር ምን እንደሚያስከትል በቆሼ አይተናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል።

የቀለም ባልዲ ወይም የተቀደደ ሳፋ ውሰዱ። የቀለም ባልዲ ከሆነ በደንብ ታጥቦ ይድረቅ። ታቹንና ጎኑን በጋለ ሚስማር ብሱት። ከታች ደረቅ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ አንጥፉ። ከላዩ ልጣጭ፣ የቡና አተላና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ጨምሩ። መልሳችሁ በደረቅ ቅጠልና በጥቂት አፈር ሸፍኑት። ልጣጭ በጨመራችሁ ቁጥር ቢያንስ እኩል ደረቅ ነገር ይከተለው። ሥጋ፣ አጥንት፣ ወጥና ዘይት አይገባበትም፤ አይጥ ይጠራል።

በሳምንት አንዴ በእንጨት አገላብጡት። ከዚያ በእጃችሁ ጨብጡት፦ እርጥብ ሆኖ ውሃ ካላንጠባጠበ ልክ ነው። ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል፣ ደረቅ ቅጠል ጨምሩ። ጉንዳን ከወረረው ደርቋል፣ ውሃ እርጩበት። በክረምት ዝናብ እንዳይገባበት ክደኑት። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚልና የአፈር ሽታ ያለው ይሆናል። በአዲስ አበባ ብርድ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል።

ብስባሹን ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ጤናአዳም ወይም በሶብላ ትከሉ። ማዳበሪያ ሞልታችሁ ጎኑን እየቀደዳችሁ ጎመን መትከልም ይቻላል። ከሥሩ መብሳት እንዳይረሳ። በተለይ ድሬዳዋና ሌሎች ሞቃት ከተሞች ያላችሁ፣ ውሃ ያቆረ ዕቃና ጎማ ደጅ አታስቀምጡ። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለዋ የወባ ትንኝ የምትራባው በርሜልና ጀሪካን ውስጥ ባለ ውሃ ነው።

6. እድሩን አነጋግሩ

እድር ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት ለሁሉም አባል በጋራ ይይዛል። መሰላል፣ መጋዝና ድሪል እያንዳንዳችን ለምን እንገዛለን? በዓመት ሁለቴ ለሚነካ ዕቃ ገንዘብ ከማውጣት፣ በእድሩ ዕቃ ቤት አስቀምጦ በመዝገብ መዋዋስ ይሻላል። ዳኛው ቢያንገራግሩ ጸሐፊውን ቀድማችሁ አሳምኑ።

ለውራጅ ደግሞ ጥሩው ጊዜ ቤት የሚገለበጥበት ጳጉሜን ነው። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ የልጆች ዩኒፎርም፣ ቦርሳና መጽሐፍ ፈላጊ አለው። አንድ ቅዳሜ ቀጥራችሁ በግቢው ጥላ ሥር አውጡት። ልብሱ ታጥቦ ይምጣ፣ ቁልፉ ይሰፋ። ሰው ጎረቤቱ ፊት ያረጀ ነገር ሲያነሳ ሊያፍር ይችላል፤ ስለዚህ ሁሉም አንዳንድ ነገር ያምጣ፣ ሁሉም አንዳንድ ነገር ይውሰድ። ያኔ ምጽዋት አይመስልም።

7. መልሳችሁ የማትጠቀሙበት

የፀረ ተባይ ወይም የኬሚካል ዕቃ፣ ምንም ያህል ቢታጠብ፣ ለውሃም ለዘይትም አይሆንም። ብሱትና ጣሉት። ሃይላንድ ውስጥ ትኩስ ሻይ አይቀዳም። በረኪና በውሃ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ሕፃን አይለየውም። ፌስታልን በተመለከተ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከልክሎታል፤ ለገበያ ዘንቢል ያዙ።

የድንጋይ ባትሪ አይከፈት፣ አይቃጠል። ያበጠ የስልክ ባትሪ ካለ አትጫኑት፣ አትብሱት። ደረቅ አሸዋ ባለበት ቆርቆሮ አድርጋችሁ ከመኝታ ክፍልና ከሚቀጣጠል ነገር አርቁት።